ቋጠሮው ያልተፈታ አንገት

እኔ ሰው «ጥላ አየሁ» ሲለኝ መብራቱ በየት በኩል እንደነበር የምጠይቅ ሴት ነኝ። በር ላይ ስለሚቆም፣ ጣሪያ ላይ ስለሚራመድ፣ ስም ጠርቶ ስለሚጠፋ ነገር ወሬ ሲነሣ ሹራቤን እየሠራሁ ዝም እላለሁ፣ ዝምታዬ ማመን እንዳይመስል ደግሞ አንዳንዴ ሣቅ እላለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ጎልምሼ ነው፣ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጋር፣ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ የተማረውን እንደ ዋዛ አይጥልም፤ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው ተብዬ ተምሬአለሁ፣ ምክንያቱን ያላገኘሁለት ነገር ሲገጥመኝም ገና አልፈለግሁትም እል ነበር። እል ነበር ነው ያልኩት። እንግዲህ የዘንድሮውን ቅዳም ስዑር ልንገራችሁና ምክንያቱን የምታውቁ ንገሩኝ፣ እመኑኝ ከልቤ ነው፣ ቅር አይለኝም።

የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ቤቱ ሳሳ ሳሳ ብሎ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት በኩል፣ ከአባቴ ጋር ነው። ቀን ቀን አንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አባዬ እንጦጦ ማርያም ሥር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፣ አሁን ግን ዕድሜ አልጋ ላይ አውሏቸዋል፣ ከዘራቸውን ይዘው እስከ በሩ ከደረሱ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። ምግብ እምቢ ካሉ ቆይተው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ፣ ቅበላ ሲቃረብ፣ ያቀረብኩላቸውን ሾርባ በጣታቸው ገፋ አድርገው «ድኩላ ቢሆን እበላ ነበር» አሉኝ። ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር እንጦጦ ጫካ ውስጥ ይበሉት የነበረውን ማለታቸው ነው።

«አባዬ፣ ድኩላ ከየት ይመጣል ዛሬ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ። ከድሮ ይመጣላ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ታናሽ ወንድሜ ታደለ፣ ፈቃድ አውጥተው የውጭ አገር አዳኞችን ይዘው ከሚወጡ ሰዎች ጋር በሾፌርነት ይሠራል። ፈረንጆቹ የሚፈልጉት ቀንዱንና ቆዳውን ነው፣ ሥጋው ለሠራተኛውና ለአገሬው ሰው ይከፋፈላል። ደውዬ የአባዬን ነገር ስነግረው «እታለም፣ በዚህኛው ጉዞ ድኩላ አለ፣ ድርሻዬን አመጣለሁ» አለኝ፣ ቀጥሎም «ግን ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ እስከ ፋሲካ የት ታስቀምጪዋለሽ? ሥጋ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይቆምልሽም!» ብሎ ሣቀ።

ፍሪዘሩ ቤታችን የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉርድ ሾላ ወረድኩ፣ የሰርቪሳችንን በር ስፋት በሜትር ለክቼ፣ ምን መጠየቅ እንዳለብኝም አስቤበት ነው የሄድኩት። ሻጩ ፀጉሩን በጄል ያቆመ ወጣት ነው፣ ገና ሲያየኝ ወደ አንድ ረጅም፣ እንደ ቁም ሣጥን በሩ ወደ ጎን ወደሚከፈት ወሰደኝ።

«ይሄን ይውሰዱ ማዘር፣ ባለ መሳቢያ ነው፣ ሲያዩት ራሱ ደስ ይላል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«እሱን ካነሡማ…» ብሎ ሣቅ አለ። «እሱን ካነሡ የተኛው ይሻልዎታል። ከላይ ስለሚከፈት ብርዱ ከታች ተኝቶ ይቀመጣል። ቁሙን ሲከፍቱት ግን ብርዱ በሙሉ እግርዎ ላይ ነው የሚወርደው።»

ይህ ምክንያት ያለው ንግግር ስለሆነ ወደድኩት። የተኛውን ከፈትኩ፣ ከቦርሳዬ አንድ ወረቀት አውጥቼ ግማሹን ውጭ አስቀርቼ ክዳኑን ዘጋሁበት፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳብኩት፤ ጎማው ጥርቅም አድርጎ ከያዘው ብርድ አያስወጣም ማለት ነው። አራቱንም ጎን እንዲህ ሞከርኩ። ቁልፍ እንዳለው ጠየቅሁ። ውስጡን ደግሞ ለካሁ፣ ምክንያቱም የድኩላ ጎድን ሳይታጠፍ እንዲገባ ፈልጌ ነበር።

ልጁ እጁን አጣምሮ ሲያየኝ ቆየና «ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ሊከቱበት ነው እንዴ?» አለኝ።

እኔም ሣቅሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሣቄ ደስ አይለኝም።

ታደለ ሥጋውን ያመጣው ቅበላው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ጓደኞቹ ለአባዬ ብለው ድርሻቸውን ስለለቀቁለት ሙሉውን ድኩላ፣ በረዶ በሞሉ ሣጥኖች። አባዬ ደግፉኝ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ፣ ዓይናቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ያላየሁት ብርሃን ነበር፣ ግን እጃቸውን ወደ ሥጋው አልዘረጉም።

«ታዴ» አሉ። «ቢላዋ ደርሶበታል?»

ይህን ጥያቄ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፣ ለማያውቅ ግን ልናገር፤ በእኛ ዘንድ በጥይት የወደቀ እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ ሥጋው በክት ነው፣ አይበላም። አባዬ ደግሞ ቆራቢ ናቸው። በፋሲካ ተሸክመን ቤተ ክርስቲያን ልንወስዳቸው፣ ሊቆርቡ፣ ከዚያ ተመልሰው በዚያ ድኩላ ሊፈስኩ ነው ሐሳቡ፤ ለሌላ ፋሲካ ይድረሱ አይድረሱ ደግሞ ማናችንም አናውቅም። ሥጋ ወደሙ የተቀበለ አፍ በዚያው ቀን በክት ቢነካ ለአባዬ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልጃቸው አውቀዋለሁ። ባይበሉትስ? ባይበሉት ደግሞ የሚበሉት ነገር አልነበረም።

«ደርሶበታል አባዬ፣ በስመ አብ ብዬ ራሴ ነኝ» አለ ታደለ።

«ነፍስ ነበረው?»

«ነበረው» አለ፣ የሣጥኑን ገመድ እየጠቀለለ።

ከዚያ ሥራው የእኔ ሆነ። ፍሪዘሩን ባዶውን አስነሥቼ በደንብ እስኪበርድ ጠብቄ ነበር፣ ምክንያቱም ሙቅ ሥጋ አንድ ላይ ከከተቱበት መሐሉ ሳይበርድ ይቆያል። ሥጋውን በየብልቱ ለየሁት፣ ሽንጡን፣ ጎድኑን፣ ወርቹን፣ ታፋውን፣ ቅልጥሙን፣ በየፌስታሉ አየሩን አስወጥቼ፣ ጠፍጣፋ አድርጌ፣ በፕላስተር ላይ ስሙን ጽፌ ለጠፍኩ። ለፋሲካ የሚወጣውን ከላይ፣ አጥንቱን ከታች፣ በመሐል ብርዱ የሚሄድበት ክፍተት ትቼ፣ ልክ መጻሕፍቱን እንደምደረድር ደረደርኩት። በአንድ ብርጭቆ ውኃ በረዶ አድርጌ ከበረዶው ላይ አንድ ሳንቲም አኖርኩ፤ እኔ በሌለሁበት መብራት ጠፍቶ ሥጋው ቢሟሟ በረዶውም ይሟሟል፣ ሳንቲሙ ይሰጥማል፣ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ስም ተጽፎበት ውስጡን ሳላየው አለፈ። ታደለ በጥቁር ፌስታል አጥብቆ የቋጠረው ነበር፣ ልፈታው ስል እጄን ያዘኝ። «እሱ አንገቱ ነው እታለም፣ ለሾርባ ይሆናል፣ እንደታሰረ ክተቺው።» ጭንቅላቱ የለም፣ ጭንቅላቱን ከነቀንዱ ፈረንጁ ወስዶታል። እኔ እንደታሰረ የሚቀመጥ ነገር አልወድም፣ ግን ደክሞኝ ነበር፣ «አንገት» ብዬ ጽፌ ከሁሉም በታች፣ በግራ ማዕዘን፣ ከጎድኑ ሥር ከተትኩት። ቆለፍኩ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት።

ጾሙ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ማታ ግድም ከሰርቪሱ በኩል አንድ ውሻ ሲጮኽ እሰማ ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጎርነን ያለ፣ እንደ ሳል ያለ ጩኸት፣ ከዚያ ዝም።

«የማን ውሻ ነው?» አልኩ አንድ ቀን አባዬን ፊታቸውን እያጠብኳቸው።

«ውሻ አንዴ ጮኾ አይተውም» አሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ድኩላ ነው። ሰው ሲሸተው እንደዚህ ነው የሚለው።»

ደነገጥሁ ብላችሁ ነው? ምንም። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ዛሬም ድኩላ አለ፣ ሣር ፍለጋ ወረድ ብሎ ይሆናል አልኩ፣ ምክንያት አገኘሁለት፣ ተኛሁ።

ሁለተኛው ነገር ግን እንዲህ አልቀለለኝም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሳንቲሜን ለማየት ፍሪዘሩን እከፍታለሁ፣ ሳንቲሙ ሁልጊዜ ከበረዶው ላይ ነው፣ ጥሩ። አንድ ቀን ስከፍት ጥቁሩ ፌስታል ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። እኔ ነኝ የረሳሁት ብዬ ወደ ታች መለስኩት። በሌላ ቀን ስከፍት እንደገና ከላይ ነው፣ ጎድኖቹም ከሥሩ ሳይናዱ እንደነበሩ አሉ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባዬ ነን፣ አባዬ ደግሞ ጫማቸውን ለማንሣት እንኳን ጎንበስ ማለት አይችሉም። ታደለን በስልክ ስጠይቀው «እታለም፣ መነጽርሽን ቀይሪ» አለኝ፣ ከዚያ ግን እንደ ልማዱ አልሣቀም።

ቅዳም ስዑር ደረሰ። ሰፈሩ በበግ ጩኸት ተሞልቷል፣ ከታች ከመንገዱ የዶሮ ነጋዴ ይጣራል፣ ሰማዩ ደመና ነው፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ለአባዬ ሽንጡን አውጥቼ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ላኖረው ከሰዓት በኋላ ወደ ሰርቪሱ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ፍሪዘሩ ያጉረመርማል።

ቆይ፣ መብራት የለም እኮ አልኩ። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ አይበራም። የፍሪዘሩ ትንሽ መብራትም ጠፍታለች። ድምፁ ግን አለ፣ ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት፣ ድምፁ አልቆመም። ያን ጊዜ ነው ያዳመጥኩት። የሞተር ድምፅ አንድ ወጥ ነው፣ ይሄ ግን ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይገባል፣ ያርፋል።

አክፍሎት ላይ ነበርኩ፣ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ርሃብ ነው የምትሉኝ ካላችሁ እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነው። ማተቤን ስቤ ቁልፉን አስገባሁ፣ ክዳኑን አነሣሁ።

ጭጋጉ እስኪገለጥ ጠበቅሁ። ሳንቲሙ ከበረዶው ላይ ነው፣ ስለዚህ ምንም አልሟሟም። ግን የደረደርኩት ድርድር የለም። ጎድኖቹ ግራና ቀኝ ሆነው ቆመዋል፣ ሽንጡ በመሐላቸው ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል፣ ወርቾቹ ከፊት፣ ታፋዎቹ ከኋላ፣ ቅልጥሞቹ ታጥፈው ወደ ሆዱ ገብተዋል፣ እያንዳንዱ ፌስታል በራሴ እጅ የጻፍኩት ስሙ ተለጥፎበት፣ በራሱ ቦታ። ስም የለጠፍኩባቸው እቃዎች ተጋጥመው አንድ የተኛ እንስሳ ሆነዋል። ጥቁሩ ፌስታል ባዶውን ማዕዘን ላይ ወድቋል፣ ቋጠሮው ታደለ እንዳሰረው ነው፣ አልተፈታም፣ ፌስታሉም አልተቀደደም፣ አንገቱ ግን ከውስጡ የለም። አንገቱ ከወርቾቹ በላይ፣ በቦታው ነው፣ ወደ ኋላ ቀልበስ ብሎ፣ እንስሳ ተኝቶ ዞር ሲል እንደሚያደርገው።

እጄን ዘረጋሁ፣ ለምን እንደዘረጋሁ አላውቅም። ጎድኑ ድንጋይ ነው። ሽንጡ ድንጋይ ነው። አንገቱ ሙቅ ነው። እንደ ሕፃን ግንባር ሙቅ፣ ልስልስ ያለ፣ ጉሮሮው ድፍን፣ ከላይ እስከ ታች ቢላዋ ያልነካው፣ ራሱ ከተቆረጠበት በኩልም ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ከዚያ ድምፅ ጋር እኩል። ከዚያ ከእጄ ሥር አንድ ጊዜ ጮኸ።

ያው ጩኸት ነው፣ ጎርናናው፣ በመዳፌ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

እኔ አልጮኽሁም፣ የጮኹት አባዬ ናቸው። ከመኝታ ቤታቸው፣ ውኃ ስጡኝ ለማለት እንኳን አቅም የሌላቸው ሰው፣ እንደ ጎልማሳ በሚያስተጋባ ድምፅ «ቢላዋ! ቶሎ በል ታዴ! ነፍሱ ሳትወጣ!» አሉ።

ዞር ስል ታደለ የሰርቪሱ በር ላይ ቆሟል፣ ግንባሩ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የታሰረለት ቄጤማ እንዳለ ነው፣ በግ ሊያርድልን የመጣ ነው፣ እሱ ደግሞ አክፍሎት የማያውቅ፣ ቀትር ላይ በልቶ የመጣ ሰው። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ፍሪዘሩ አየ፣ አንገቱን አየ፣ ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ።

«ይሄንን ቃል…» አለ። «እታለም፣ ይሄንን ቃል እዚያ ጫካ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ከኋላዬ ነው የተጠራሁት። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ማንም አልነበረም።»

«አርደኸዋል ወይስ አላረድከውም?»

«ፈረንጁ የአንገቱን ቆዳ ሳይነካ ይፈልገው ነበር፣ ራሱን ከነአንገቱ ቆዳ ነው ሞልተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት፣ ጉሮሮው ላይ ቢላዋ እንዳታሳርፍ ተብያለሁ። ከሥር፣ ደረቱ ጋ ወጋሁት። በስመ አብ ብያለሁ፣ በማተቤ፣ ብያለሁ።»

«ነፍስ ነበረው?»

«ዓይኑ ክፍት ነበር» አለ። «አየኝ። ያየኝ ይመስለኛል። ደሙ ግን… ብዙ አልመጣም።» እጁን አየ፣ ከዚያ «አንገቱን ያሰርኩት እንዳትጠይቂኝ ነው» አለኝ።

አላመነታንም፤ ሁለታችንም ሳንነጋገር ጆንያ አመጣን። ስናነሣው አንገቱም እንደ ሌላው ድንጋይ ሆኖ ነበር፣ ድምፁም የለም። ሁሉንም ወደ ባሕር ዛፉ ይዘን ወጥተን ጥልቅ አድርገን ቀበርነው፣ ተመልሼም ፍሪዘሩን ላጥብ ጎንበስ አልኩ። ከወለሉ በረዶ ላይ የተኛ እንስሳ ቅርጽ ታትሟል። ይህስ ሥጋው ሲከብድበት ነው እንበል፣ ከአንገቱ በላይ ግን ደግሞ ጭንቅላት አለ፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ሁለት አጫጭር ቀንዶች፣ ቤቴ ገብቶ የማያውቅ፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ጭንቅላት። የፈላ ውኃ ደፋሁበት።

አባዬ ቆረቡ። ጠዋት ዶሮ አቀረብኩላቸው፣ ስለ ድኩላው ምን ብዬ እንደምዋሽ ሌሊቱን ሁሉ አስቤ ነበር፣ እሳቸው ግን አልጠየቁኝም። ጎርሰው መልሰው አስቀመጡትና እጄን ያዙኝ።

«ደረሰ?» አሉኝ።

«ማን አባዬ?»

«ቢላዋው።»

አልመለስኩላቸውም። እስካሁንም አልመለስኩም፣ ምክንያቱም ያ ነገር ከበክት ሊያድናቸው ይሁን ወይም ደህና የታረደውን ሥጋ ከአፋቸው ሊነጥቃቸው ይሁን ምን አውቃለሁ፤ ታደለ እስከ ዛሬ ዓይኑ አየኝ ይላል፣ እውነቱን ከሆነ ለአባቴ የመጨረሻ ምኞት የሆነውን ንጹሕ ሥጋ ነው አፈር ያለበስኩት።

አባዬ ከዚያ ወዲህ ከስተዋል። ትናንት ታደለ ከጫካ ደወለ። «እታለም፣ ድኩላ ወድቋል፣ የአሁኑ ፈረንጅ ቀንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ጉሮሮውን ራሴ ነኝ፣ ሲፈራገጥ ነው ያረድኩት፣ ሁሉም አይቷል፣ ነገ ይዤ እገባለሁ» አለኝ። አባዬ ከአልጋቸው ሆነው ሰሙ። ፈገግ አሉ፣ «ፍሪዘሩን አስነሺው እንጂ፣ ባዶውን ይብረድ» አሉኝ፣ እኔ ያስተማርኳቸውን።

ምን ልበል? ሰርቪሱ ገባሁ፣ ውስጡን በጨርቅ ወለወልኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ወረቀቴንም አስገብቼ ጎማውን ሞከርኩ፣ ደህና ነው። ከዚያ ልሰካው ጎንበስ ስል ማጉረምረም ጀመረ።

ሶኬቱ ገና እጄ ላይ ነበር።